ጅዳ ድረስ ለእልልታ

ሰው ሳዑዲ የሚሄደው ወይ ለሥራ ነው፣ ወይ ለሐጅ። እኔ የሄድኩት እልል ለማለት ነው። ይህንን ትኬት ለቆረጠችልኝ ልጅ ብነግራት ሐኪም ትጠራልኝ ነበር፤ ስለዚህ «እህቴን ልጠይቅ» አልኳት። እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ወርቄ ጅዳ ሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጇን ቤዛን ደሴ ላይ የማሳድጋት እኔ ነኝ። አምና ቤዛ ኩላሊቷን ታመመችና ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠፋ። ወርቄ እዚያ ሆና ምን ታድርግ? ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች፤ «ልጄን ብታድኚልኝ ዓመት ሳይሞላ ሰው መካከል ቆሜ፣ በገዛ አፌ፣ ሦስት ጊዜ እልል ብዬ አመሰግናለሁ» አለች። ልጅቷ ዳነች። ሐኪሙ መድኃኒቱንም አስቆማት። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ወርቄ አንድም እልልታ አላወጣችም። ስለቱ ካልገባ በሽታው ይመለሳል ብላ እንቅልፍ አጣች። በደወለች ቁጥር «ፊቷን አየሽው? አላበጠም?» ነው ጥያቄዋ።

«እዚያው እልል በያ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ስላት «እትዬ፣ እዚህ እኮ እልል አይባልም» ትለኛለች። እንዴት ያለ አገር ነው? እኔ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማርኩ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል የተሰረቀ ጊዜ በጉሮሮዬ ተማሪ ያስገባሁ ሴት ነኝ። በደብራችን ታቦት ሲወጣ እልልታው የሚነሳው ከኔ ነው። ሄጄ ላስጀምራት ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፤ ከደሴ መነሻ

ግንባሬ ላይ በልጅነቴ የተነቀስኩት መስቀል አለ። የማኅበር ጓደኞቼ መከሩና «በዚህ ግንባርሽ አያስገቡሽም» አሉኝ። ምክሩ ስህተት እንደነበር ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ጅዳ ክርስቲያን ሞልቷል፣ ግንባሬን ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም። እኛ ግን ነገር አዋቂዎች ነንና መስቀሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍንበት። ያ ፕላስተር የሰው ሁሉ ጉዳይ ሆነ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ጣቢያ ጥበቃው «ምን ነካዎት እናቴ?» አለኝ። «በር መታኝ» አልኩት። አዲስ አበባ ላይ ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ ጠየቀችኝ፤ ቁም ሳጥን ወደቀብኝ አልኳት። ለእሷ ለምን በር እንዳላልኳት እኔም አላውቅም። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ቫዝሊን ከቦርሳዋ አውጥታ ካልቀባሁሽ ብላ ሞቼ እገኛለሁ አለች፤ ለእሷ ደግሞ ድንጋይ መታኝ አልኳት። ለምስጋና የወጣሁ ሰው ጅዳ ሳልደርስ ሦስት ጊዜ ዋሸሁ።

ረቡዕ፤ ጅዳ

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቤት የሚያህል የዓሣ ገንዳ አለ። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ትቶ ዓሣ ያያል። እኔም አየሁ። አንዱ ትልቅ ዓሣ ፕላስተሬን ትኩር ብሎ ሲያይ ትቼው ወጣሁ።

ወርቄ ሥራ ላይ ስለነበረች የተቀበለኝ ጋሽ ፍሰሐ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው የሰው ቤት ሹፌር ነው፤ የእምነት ሰው፣ ዝምተኛ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ደሴ በዚያ ወር ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ጥርስ ያንገጫግጫል። እዚህ ነፋሱ ራሱ ትኩሳት አለበት። «ይለመዳል» አለኝ ጋሽ ፍሰሐ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ስጠይቀው «ሃያ ሁለት፤ እኔ ገና ነኝ» አለ።

ያረፍኩት አልማዝ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ከአራት ሴቶች ጋር በተከራየችው ቤት ነው። አልማዝ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። «በፍጹም!» አልኩና መሬት ላይ አነጠፍኩ። «እንግዳ መሬት ተኝቶ እኔ አልጋ ላይ?» ብላ እሷም አጠገቤ አነጠፈች። ሁለታችንም ግትር ነን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክመለስ ድረስ ሁለታችን መሬት ስንተኛ አልጋው ባዶውን አደረ።

ዓርብ፤ በትራስ የሚባል እልልታ

ዓርብ የእረፍት ቀን ስለሆነ ጸሎቱ ያን ዕለት በአልማዝ ቤት ይደረጋል። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ በግልጽ መሰብሰብም አይቻልም። አሥራ ስምንት ሰው አንድ አንድ እያለ ገባ። ወርቄም መጣች። ስድስት ዓመት ያላየኋት እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ለቅሶዋም በሹክሹክታ ነበር። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ድንጋጤ የደነገጥኩት።

ሥርዓታቸውን ልንገራችሁ። ድምፅ እንዳይወጣ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፤ አሮጌ ስለሆነ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ውስጥ ሰው ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ከበሮው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሻንጣ ነው፤ የሚመታው ጋሽ ፍሰሐ። ጭብጨባ በሁለት ጣት መዳፍ ላይ። መዝሙሩ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አሥራ ስምንት ሰው አፉን ይከፍታል፣ የሚሰማው ግን ማቀዝቀዣው ነው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ ቆማ ድምፅ ከፍ ሲል እጇን ታነሳለች፣ ሁሉም ዝቅ ይላል። ላብና ብርድ አንድ ላይ የመጣብኝ እዚያ ነው። ሳቄም መጣ። ዙሪያዬን ሳይ ግን እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። አፈርኩ።

እልልታ ላይ ሲደርሱ ትራስ መጣ። እልል የሚል ሰው ፊቱን ትራስ ውስጥ ይቀብራል። አንዷ አንስታ እልል አለች፤ ዶሮ ጆንያ ውስጥ ያለች መሰለኝ።

አልማዝ ትራሱን ለወርቄ ሰጠቻት። «ያንቺ ቀን ነው እንግዲህ፤ ስለትሽን አድርሺ።»

ወርቄ ትራሱን ታቅፋ ቆመች። «አልችልም» አለች። «ልጄን ላዳነችልኝ እመቤት በትራስ? እኔ የተሳልኩት እንዲህ አልነበረም።»

«እና ምን ይሻላል?» አለች አልማዝ።

አስተማሪ ምን ይሁን? ተማሪ ሲያቅተው ያሳያል። «ቆይ እስቲ፣ እንዲህ ነው» ብዬ ተነሳሁና ትራሱን ረሳሁት። በደብራችን ታቦት ሲወጣ እንደማወጣው አወጣሁት። አሥራ ስምንቱም ሰው በቆመበት ደረቀ። ኮሪደር ላይ ያለችው ልጅ ሁለቱንም እጆቿን አነሳች።

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ።

የማን እጅ የማንን እንደያዘ አላውቅም። ወርቄ ፊቷ አመድ መሰለ። እህቴን ልረዳ መጥቼ እህቴን ላስጠርዝ ነው አልኩ በልቤ። አልማዝ ሻሿን አስተካክላ በሩን በስንጥቅ ከፈተች።

ግብፃዊው ጎረቤታቸው ነው። በእጁ ባስቦሳ የሚሉት ጣፋጭ የሞላበት ሳህን ይዟል። «መብሩክ! መብሩክ!» ይላል፤ እንኳን ደስ አላችሁ ማለቱ ነው። እልልታውን ሰምቶ ሠርግ መስሎታል። «ዓሩሷ የታለች?» አለ፤ ሙሽራዪቱን ማለቱ ነው።

አልማዝ ዘወር አለች። ዓይኗ እንባ ያረገዘችው ወርቄ ላይ አረፈና ጎትታ በር ላይ አቆመቻት።

«ማሻአላህ! ሙሽራውስ?»

ከወንዶቹ በር አጠገብ የነበረው ጋሽ ፍሰሐ ነው። ሰው ከኋላው ገፋው። ሻንጣውን እንደታቀፈ ከወርቄ ጎን ቆመ። ግብፃዊው ሻንጣውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ዛሬውኑ ሊጓዙ ነው ብሎ ጋሽ ፍሰሐን አራት ጊዜ ሳመውና የልጅ ብዛት መርቆ ሄደ። ጋሽ ፍሰሐ ደሴ ዙሪያ ሚስትና አምስት ልጅ አለው። በሩ ሲዘጋ ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና «ለባለቤቴ ማን ይነግርልኛል?» አለ።

ሰው ሁሉ ትራስ ፈልጎ ሳቀ። ወርቄ ብቻ ቁጭ ብላ «ስለቴን ላደርስ መጥቼ ተዳርኩ» አለች፤ እሷ እያለቀሰች ነበር።

ቅዳሜ፤ ባሕር ዳርቻው

የወርቄ ማዳም ልጆቿን ባሕር ዳር ልታጫውት ስትወጣ ወርቄንም ይዛ ስለምትሄድ እኔም ተከተልኩ። ማዳም ቆፍጣና ሴት ናት፤ ብዙ አትስቅም፣ ግን ለኔ ወንበር ያወረደችው በገዛ እጇ ነው። እኛ ሐይቅ ያለን ሰዎች ነን፤ ይሄኛው ግን ማዶ የለውም። 

ወርቄን ከሰው ራቅ ወዳለ ድንጋይ ወሰድኳት። ማዕበሉ ይጮኻል፣ ሰውም የለም። «በይ እዚህ ተለማመጂ፤ የሚሰማሽ ዓሣ ብቻ ነው» አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትንፋሽ ሳበች። የወጣው አየር ነው። ደግማ ሞከረች። አየር።

«እትዬ፣ ድምፄ የት ሄደ?» አለችኝ።

ለካ ስድስት ዓመት የምትጸልየው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃ ከፍታ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ነው። ማንም አልከለከላትም፤ ማዳሟ ክርስቲያን መሆኗን ታውቃለች። ራሷን በራሷ አስለምዳው ነው።  ሠላሳ ዓመት ልጆችን «ዝም በሉ!» ስል የኖርኩ ሴት፣ ዝም ያለ ሰው እንዴት እንደሚናገር ማስተማር አልችልበትም።

ከእሁድ እስከ ረቡዕ

የግብፃዊው ሚስት ሙሽራዪቱን ልትጠይቅ ሁለት ጊዜ መጣች፤ አንዴ ሩዝ በወተት፣ አንዴ የአልጋ ልብስ ይዛ። አልማዝ «ጫጉላ ላይ ናቸው» አለቻት። መድኃኒት ቤት ፕላስተር ልገዛ ስገባ ባለሙያው ቁስሉን ካላየሁ ብሎ ጠረጴዛውን ዞሮ ሲመጣ ሮጬ ወጣሁ።

ሰኞ እማማ ዘሀራ ከመካ ደወለች። ደሴ ግድግዳ ለግድግዳ የኖርን ጎረቤታሞች ነበርን፤ ልጆቿ ዘንድ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል፣ ጀርወል የሚባል ሰፈር ነው ቤቷ። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። እስኪያስላት ሳቀች።

«እልል የሚባልበት አጣን ነው የምትይኝ? ወላሂ እኔ እኮ ሐሙስ የልጄ ልጅ የሠርግ ሒና ነው። ስልሳ ሴት ጠርቻለሁ።»

«እማማ፣ ክርስቲያን መካ አይገባም።»

«አውቄያለሁ። አንቺ ካልገባሽ ሒናው ይወጣላ።»

እውነቷን ነው። ለኔና ለወርቄ ስትል የልጅ ልጇን ሒና ከመካ አወጣችው። ከከተማው ክልል ውጭ፣ በጅዳ መንገድ ላይ ኢስቲራሃ የሚሉትን የእረፍት ግቢ ተከራዩ። ዑተይቢያና ሩሰይፋ በሚባሉት የመካ ሰፈሮች ያሉ ዘመዶቿ ሁሉ በሚኒባስ ይምጡ ተባለ።

ወርቄ ግን ሌላ ጣጣ አመጣች። «እኔ የተሳልኩት ለኪዳነ ምሕረት፤ በሙስሊም ሒና ላይ እንዴት ይሆናል?»

«ሰው መካከል አልሽ እንጂ የማን ሰው እንደሆነ አላልሽም» አልኳት።

«እመቤቴ እንዳንቺ ቃል እየፈለጠች የምታርም አስተማሪ አይደለችም።»

ደሴ ያሉት የንስሐ አባታችን ጋ ደወልን። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ማንን ነው የምታመሰግኚው?» አሏት።

«እግዚአብሔርን፣ አባ፣ በእመቤቴ አማላጅነት።»

«ታዲያ እኔን ምን ጠየቅሽኝ? የሰበካ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ዘጉት።

ሐሙስ፤ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ

እኔን የሚወስደኝ ሰይድ ነው፤ የእማማ ዘሀራ የወንድም ልጅ፣ እዚያው የተወለደ፣ አማርኛው ግማሹ ዓረብኛ። ወርቄን የማዳም ሹፌር ያደርሳታል ተብሏል። ሰይድ ነጠላዬንና ፕላስተሬን አየ፣ «የት ነው የወደቅሽው?» አለኝ በግማሽ ዓረብኛ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባኝ «አዎ» አልኩት፣ ያላ ብሎ ነዳ።

ብዙ ከሄድን በኋላ ትልቅ ሰሌዳ መጣ። ዓረብኛ አላነብም፤ ከሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ ግን አነባለሁ። በዚህ በኩል ለሙስሊም ብቻ ይላል። ሰይድ በዚያው ተፈተለከ።

«ሰይድ፣ ወዴት ነው?»

«ጀርወል ገብተን ዳቦውን ጭነን እንመለሳለን፤ አምስት ደቂቃ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ!»

መኪናው ተንገዳገደ። «አንቺ? የዘሀራ እህት አይደለሽ?»

«ጎረቤቷ ነኝ!»

«ወላሂ ማንም አልነገረኝም!» መዞሪያ የለም፤ ከኋላ መኪና፣ ከፊት ፍተሻው። አንድ ወጣት ፖሊስ መስኮቱ ላይ ቀረበ። ሰይድ ምላሱ ተሳሰረ። እኔ ዓረብኛ የለኝ፣ ምን ልበል? ፕላስተሩን በአንድ እጄ ላጥ አደረግኩትና መስቀሌን እየጠቆምኩ «ክርስቲያን! ክርስቲያን! መመለስ! ዙር!» አልኩ በእጄ እያዞርኩ።

ፖሊሱ ግንባሬን አየ። ዘጠኝ ቀን የታፈነ ቆዳ ቀልቶ ተልጧል። ፊቱን አጨፍግጎ ለሰይድ አንድ ነገር ነገረው፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ በመስኮት ሰጠኝና መኪኖቹን አስቁሞ አዞረን።

«ምን አለህ?» አልኩት ሰይድን።

«ሴትየዋን ሐኪም ቤት ውሰዳት አለኝ» አለ። ቀጥሎም «ስንት ሰው 'አስገቡን' ሲል አይቻለሁ፤ 'አባሩኝ' ብሎ የለመነ አንቺን አየሁ» አለኝ።

ዳቦው ጀርወል ቀረ። ሒናው ያለ ዳቦ ሆነ፤ እማማ ዘሀራ ግን አቅፋኝ አልለቀቅ አለች። ቀኑ ገና ብርሃን ነው። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ወሎኛ፣ ልጆቻቸው ዓረብኛ ይናገራሉ። ወርቄ ደርሳ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላለች።

እማማ ዘሀራ ለሙሽራዪቱ ዱዓ አደረገች፤ ሴቱ ሁሉ አሚን አለ። ከዚያ ወርቄን በእጇ ጠርታ መካከል አስቀመጠቻትና «ልጅሽ ምን ሆና ነበር? ንገሪያቸው» አለቻት። ወርቄ ተናገረች። ድምፅዋ አይሰማምና አጠገቧ ያለችው ለቀጣይዋ፣ እሷም ለሚቀጥለዋ እያለች ወሬው ምንጣፉን ዞረ። እብጠቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ መዳኗ። ወሬው መጨረሻ ላይ ሲደርስ እማማ ዘሀራ «ሐምዱሊላህ!» ብላ እልል አለች። ስልሳው ሴት ተከተላት። ላላዩዋት የደሴ ልጅ ነው የሚያመሰግኑላት።

በዚያ ጩኸት ውስጥ የእህቴ አፍ ሲከፈት አየሁ። መጀመሪያ ክር የመሰለ የተሰነጣጠቀ ነገር ወጣ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ለየ፤ ጥርት አለ። በጣቴ ቆጠርኩ። ስለቱ ደረሰ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

«እትዬ፣ ይቅር ይበለኝ፤ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አሳድሼ ከቢሮ የወጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ» አለችኝ። «ኸላስ፣ አለቀ፤ ሌላ ነገር ግን የለም። ምስጋና እንዲህ ነው እንዴ?»

 አዘንኩ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ልቧን ባዶ አደረግኩት መሰለኝ።

ዓርብ፤ የመመለሻው ቀን

አውሮፕላኔ ማምሻውን ነው። ማዳም «እህትሽ ሳትሄድ ምሳ ትብላ» ብላ ስለነበር ከወርቄ ጋር ወጥ ቤቷ ውስጥ ነን፤ ሩዙ ምድጃ ላይ ነው። ቤዛ የተቀመጠችው የደሴ ጎረቤቴ ዘንድ ነውና በስልክ ምስል ደወልንላት።

ታማ ሳለች ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ፣ የእናቷን ድምፅ እየሰማች ሰዓት ሙሉ ትተኛ ነበር፤ ሌላ ምን ልታደርግ? አሁን ፊቷ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው፤ ታለከልካለች፣ ላብ በላብ ናት፣ ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

«እማዬ ደህና ነሽ? ቶሎ በዪ፣ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ነው፣ ተራዬ ደርሷል።»

«ፊትሽን አሳዪኝ እስቲ፣ ወደ ብርሃን...»

«እማዬ ደግሞ! ተራዬን ወሰዱብኝ እኮ!» አለችና ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ወርቄ የጠቆረውን ስልክ እያየች ቆመች። ልቆጣላት ነበር፤ «አሳደግኳት እላለሁ እንጂ ልጅቷ ስርዓት የላትም» ልላት አፌን ስከፍት እህቴ ጭልፋዋን እንደያዘች እልል አለች። የወጥ ቤቱ ብርጭቆ ጮኸ። እንደዚያ ያለ እልልታ እኔ ራሴ አውጥቼ አላውቅም።

ማዳም እየሮጠች መጣች፤ አንድ ዓይኗን ተኳኩላ ሁለተኛውን ገና ናት። «ኸይር ኢንሻአላህ? ምን ሆናችሁ?»

«ማዳም፣ ልጄ ስልክ ዘጋችብኝ» አለቻት ወርቄ በዓረብኛ፣ በኋላ እንደተረጎመችልኝ፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች።

«እና?»

«ልትጫወት ነው። ጊዜ የላትም።»

ማዳም እኔን አየች፣ እሷን አየች። ከዚያ እጇን አፏ አጠገብ አድርጋ በነሱ አገር ዓይነት፣ አጠር አድርጋ፣ ጫፉን ወደ ላይ ሰቅላ እልል አለችላት።

እኔ አስተማሪነቴ አይለቀኝም። «ወርቄ፣ ስለቱ ሦስት ነበር፤ ትናንት ጨርሰሻል። ይሄ የምንድን ነው?» አልኳት።

«የምንም አይደለም እትዬ» አለችኝ። «ዝም ብሎ መጣ።»

ጭልፋዋን አስቀመጠችና ማንንም ሳታስፈቅድ ደገመችው።